ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ወረቀት

ሰው በተሰበሰበበት መናገር አልችልም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ላምበረትን አልፌ ኮተቤ ድረስ የሄድኩበት ቀን አለ። ይህን የምነግራችሁ እንድትስቁብኝ አይደለም። ቀጥሎ የማወራችሁ ነገር ለእኔ ዓይነቱ ሰው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ እንድታውቁልኝ ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ስሜ ዘሀራ ነው፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው ላምበረት የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ አባቴ እዚያው ትንሽ ሱቅ አለው። ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ እናቴ ታማ ተኛች፤ ትንንሾቹን የሚይዝ ሰው ስለጠፋ እኔ ቀረሁ። እናቴ ድና ስትነሳ ወደ ትምህርት ቤት የምመለስበት ጊዜ አልፎ ነበር፤ ወይም አልፏል መሰለኝ። ማንም ተመለሺ አላለኝም፤ እኔም ልመለስ ብዬ አልጠየቅኩም።

ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ የጽሕፈትና የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ነበር። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ገብቼ ክፍሎቹን እጠርጋለሁ፣ ወለሉን እወለውላለሁ። በዚያ ፈንታ ወደ አመሻሹ ላይ ከማታ ተማሪዎች ጋር ተቀምጬ የአማርኛ ታይፕ እማራለሁ። ታይፑ ተስማማኝ። አፌ ቢያፍርም ጣቶቼ አያፍሩም። በስድስት ወር ውስጥ ከማሠልጠኛው ሁሉ ፈጣን ሆንኩ። አውሮፕላን ከላያችን ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ድምፁ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔ ግን እሱ ዝም ባለበትም ጊዜ እጽፍ ነበር።

ማሠልጠኛው ሁለት ዓይነት ተማሪ ነበረው። የቀኖቹ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ፣ እንግሊዝኛ የሚቀናቸው፣ ጫማቸው ንጹሕ የሆነ ልጆች ናቸው። የማታዎቹ ሥራ ውለው የሚመጡ ናቸው፦ የታክሲ ሾፌር፣ የሆቴል አልጋ አንጣፊ፣ የካርጎ ሠራተኛ፣ እንደ እኔ ያለች ጽዳት። በመካከላችን አንዲት ክፍል ነበረች። ክፍሏ ውስጥ ከስልክ መስመር ጋር የተያያዘች አንዲት ኮምፒውተር አለች፤ ኢሜይል የሚላከውም የሚነበበውም በእሷ ነው። ክፍሏ በአሥራ አንድ ሰዓት ትቆለፋለች። እኛ የምንገባው በአሥራ አንድ ተኩል ነው። ስለዚህ የማታ ተማሪ ኢሜይል የሚባለውን ነገር የሚያውቀው ከመማሪያ ደብተሩ ላይ ብቻ ነበር። ማመልከቻ ብንጽፍም መልስ የሰጠን የለም።

በዚህ መካከል የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ምርጫ መጣ። ፕሬዚዳንት የሚለው ቃል ትልቅ ነው፤ ለእኛ ግን ትርጉሙ አንድ ነበር። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ከዳይሬክተሩ ጋር ስብሰባ ይቀመጣል፤ ስለ ክፍሏ ቁልፍ የሚነጋገርልን ሌላ ሰው የለም። የቀኖቹ ዳዊት የሚባል ልጅ አቀረቡ። ከእኛ ወገን ሰናይት ቀረበች።

ሰናይት ካርጎ ውስጥ ዕቃ መዝጋቢ ናት። የሰው ስም አትረሳም። እኔን «ዘሁ» ትለኛለች፤ ከቤተሰቤ ውጪ ስሜን ያሳጠረልኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ሌላው ሰው መጥረጊያ ይዤ ሲያየኝ ዝም ብሎ ሲያልፍ እሷ ቆማ ታወራኛለች። «ዘሁ፣ እኔ ስመረጥ መጀመሪያ ያቺ ኮምፒውተር ፊት የምትቀመጭው አንቺ ነሽ» ብላኛለች። አመንኳት። ለምን እንደደገፍኳት ከጠየቃችሁኝ ሌላ መልስ የለኝም።

የቀን ተማሪዎች በዚያች ኮምፒውተር ተራ እየጠበቁ፣ አንዱ የጻፈውን ሁሉም የሚያየው የኢሜይል መጻጻፊያ አቋቁመው ነበር። ምርጫው ሲቃረብ ክርክሩም ስድቡም ወደዚያ ገባ። ዳይሬክተሩ ጋሽ መኮንን ይህን ሲሰሙ «የማታዎቹም የሚባለውን ማወቅ አለባቸው» ብለው የየቀኑ መልእክት እየታተመ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አዘዙ። ግን ያኔ ኮምፒውተሮቹ የእኛን ፊደል አይጽፉም ነበር፤ ተማሪዎቹ አማርኛውን የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የማታ ተማሪዎች ሰሌዳው ፊት ቆመው እንደ ሐኪም ትእዛዝ አፍጥጠው ያዩታል፤ ግማሹ ሳይገባው ይሄዳል። ጋሽ መኮንን ጠሩኝና «ዘሀራ፣ አንቺ በታይፕ ወደ ፊደላችን ገልብጪው» አሉኝ።

በየቀኑ በአሥር ሰዓት ተኩል የታተመው ወረቀት ይሰጠኛል። የቀረኝን ጽዳት ጨርሼ እቀመጥና ፊደል በፊደል እያነበብኩ እገለብጣለሁ። አስቸጋሪው ነገር አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ለብዙ የእኛ ፊደል መቆሙ ነው። ተም ጠም አንድ ናቸው። ከም ቀም አንድ ናቸው። ያም ቢሆን ዐረፍተ ነገሩ ራሱ መንገዱን ያሳያል።

ሥራው ሳይሆን የምገለብጠው ነገር አደከመኝ። የማታዎቹን «የማታ ወፎች» ይሉናል። አንዱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ለማታዎቹ ኢንተርኔት ቢከፈትላቸው ማውሱን ወለል ይወለውሉበታል።» ይህችን መስመር በገዛ ጣቴ ጽፌ፣ በገዛ እጄ ሰሌዳው ላይ ለጥፌ፣ በማግስቱ ጠዋት ከሰሌዳው ሥር ያለውን ወለል ወለወልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ወረቀቱን የማነበው ስድቡን ቀድሜ እየጠበቅኩ ነው።

ከዳዊት ደጋፊዎች አንድ የማይሳደብ ልጅ ነበር፤ ይስሐቅ ይባላል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከአፉ ነገር የማይወጣ ልጅ ነው። ስወለውል እግሩን ከወለል አንስቶ ይጠብቀኛል፤ «እንደምን አደርሽ ዘሀራ» ይለኛል። አንድ የጉዞ ቢሮ የምስክር ወረቀቱን እስኪያገኝ ቦታ ይዞ እየጠበቀው ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ፈተናው ሳምንታት ቀርተውት ነበር።

ምርጫው ቅዳሜ ሊሆን ዓርብ ዕለት የመጣው ወረቀት አንድ ገጽ ነበር። ከታች፣ በመጨረሻ፣ የይስሐቅ ስም ያለበት አጭር መልእክት አለ። በእኛ ፊደል ሲገለበጥ መጀመሪያው «ነገ ሰናይትን የሚደግፉ የማታ ተማሪዎች በጊዜ» ይላል። መጨረሻው «በር ላይ እንጠብቃቸው፤ እንዳትቀሩ» ይላል። በመካከል አንድ ቃል አለ። ዋይ፣ አይ፣ ኤም፣ ኢ፣ ቲ፣ ኤ፣ ኤል፣ ዩ።

ታይፑ ላይ እጄ ቆመ። ከዚያ ጻፍኩት፦ «በጊዜ ይመታሉ። በር ላይ እንጠብቃቸው።»

ወረቀቱን ለጥፌ ወደ ክፍል ገባሁ። የታተመውን ግን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ሌላ ቀን እጥለው ነበር።

አሥራ አንድ ተኩል ሳይሞላ ሰሌዳው ፊት ጩኸት ሆነ።

«እኔን? እኔን ነው የሚመቱኝ?» ይላል ተካ። ተካ የመገናኛ-ቦሌ ታክሲ ሾፌር ነው፤ ድምፁ ሁልጊዜ ተሳፋሪ እንደሚጠራ ነው። «እነዚህ የወተት ልጆች? እስቲ ማነው የሚመታኝ!»

«አንተ ትችል ይሆናል» አለች አንዲት አልጋ አንጣፊ፤ ነጠላዋን እያጣፋች። «እኔ ልጆች አሉኝ። ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ጥርሴን አላስረግፍም። ነገ አልመጣም።»

«እሱን ነው የሚፈልጉት እኮ! እንድትቀሪ!»

«እንግዲያው ያሰቡት ሆኖላቸዋላ።»

ሰናይት ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። «ዘሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እንዳለ ነው የገለበጥሽው?»

«አዎ።»

«ይስሐቅ? ያ እግሩን የሚያነሳልሽ?»

«ስሙ አለበት።»

ግድግዳውን ተደግፋ ረጅም ተነፈሰች። «ልዘን ወይስ ደስ ይበለኝ አላውቅም። ራሳቸውን በራሳቸው ጨረሱት።» ወዲያው ወደ ሰዎቹ ዞረች። «ማንም እንዳይቀር! ተሰብስበን ነው የምንመጣው!» አለች። ግማሾቹ ግን ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው መውጣት ጀምረው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጫማዬን ሳደርግ አባቴ በሩ ላይ ቆመ።

«ዛሬ አትሄጂም።»

«ለምን አባባ?»

«ቦሌ ተማሪዎች በገጀራ ሊፋጁ ነው አሉ። ሱቅ የመጣች ሴትዮ ናት የነገረችኝ። ወረቀት ተለጥፏል አሉ።»

የእኔ ወረቀት በአንድ ሌሊት ገጀራ ይዞ ላምበረት ደርሶ ነበር። «ወላሂ ገጀራ የሚል የለበትም» አልኩት።

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

በእሱና በበሩ መካከል ሾልኬ ወጣሁ። እስከዚያ ቀን አባቴን እንደዚያ አድርጌ አላውቅም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማሠልጠኛው ስደርስ በሩ ላይ ይስሐቅና ጥቂት የቀን ልጆች ቆመዋል። ዱላ አልያዙም። ከክፍል ያወጡትን ጠረጴዛ ዘርግተው ትልቅ የሻይ ፔርሙስና በጨርቅ የተሸፈነ ዳቦ አስቀምጠዋል። ካርቶን ላይ በጠማማ የእጅ ጽሑፍ «የማታ ተማሪዎች እንኳን ደህና መጣችሁ» ብለው ጽፈዋል።

«ዘሀራ! የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ» አለ ይስሐቅ ፈገግ ብሎ። «ሻይ ልቅዳልሽ?»

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ለማታዎቹ ነዋ። ዳዊት አልተስማማም ነበር፣ ምን ያደርጋል ብሎ። ስድቡ በዛ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ሻይ አብረን እንጠጣ አልኩት። ድምፅ ባይሰጡንም። ትላንት ጽፌው ነበር እኮ፣ አላየሽውም? የማታዎቹ በጊዜ ይመጣሉ፣ በር ላይ እንጠብቃቸው ብዬ።»

ይመጣሉ አለ። በአፉ ሲለው ሰማሁት። ጣ አለ፣ ታ አላለም።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። «ይስሐቅ...» ብዬ ቆምኩ። እሱ ሻይ የፈለግኩ መስሎት ሊቀዳልኝ ዞረ። እስከ ዛሬ ድረስ ያቺን ደቂቃ አስባታለሁ። ሦስት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር።

የተካ ታክሲ ጎማዋ እየጮኸ በሩ ላይ ቆመች። ተካና ሦስት ሰዎች ወረዱ፤ ሁሉም ዱላ ይዘዋል።

«ማነው የሚመታው? ና ምታኝ! ይኸው መጣሁ!»

ይስሐቅ አልገባውም። የቀዳውን ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ ወደ እሱ ሄደ፤ «እንኳን ደህና መጣህ» ሊል መሰለኝ። ተካ ያየው ወደ ፊቱ የሚመጣ እጅ ነው። ዱላውን ሰነዘረ። ይስሐቅ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ ፔርሙሱ ተገለበጠ፤ ዳቦው አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙ ካርቶኑ ላይ ባለው ጠማማ ጽሑፍ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

መጡ። መቱም።

አራት ሰዓት ላይ ጋሽ መኮንን ሁላችንንም ትልቁ ክፍል ውስጥ ሰበሰቡን። ከማታዎቹ የመጣው ከግማሽ ያንሳል። ከመግባታችን በፊት ሰናይትን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። ከካርጎ ፈረቃ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ዓይኗ ቀልቷል። ጎትቼ ወደ ደረጃው ሥር ወሰድኳትና ነገርኳት። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ቃሉን በጣቴ አሳየኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ አንድ ጊዜ በታ፣ አንድ ጊዜ በጣ።

«ሌላ ቅጂ አለ?» አለች።

«ኮምፒውተሩ ውስጥ ይኖራል። ክፍሏ ግን ተቆልፋለች። ቁልፉን የያዘው ሰው ሰኞ ነው የሚመጣው።»

«እንግዲያው ሰኞ ንገሪያቸው» አለችኝ።

«ዛሬ እኮ ሊያባርሩት ነው።»

«ሰኞ ይመልሱታል። ዘሁ፣ ስሚኝ። ጋሽ መኮንን አሁን ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ዳዊትን ከምርጫው ሊያወጡት ነው። ደጋፊዎቹ አስፈራሩ ብለው። እኔ ብቻ እቀራለሁ። ክፍሏ ትከፈታለች፣ ገባሽ? ስንለምናት የኖርናት ክፍል።»

«ሻይ ይዞ ነበር ሰናይት። ዳቦም ነበረው።»

«አውቃለሁ!» ብላ ጮኸችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይቅርታ። ደክሞኛል። በጣም ደክሞኛል። እባክሽ ዛሬን ዝም በይልኝ። ዝም ማለት ደግሞ አንቺን አያቅትሽም።»

ይህን ያለችው ልታስቀይመኝ አልነበረም። እውነቷን ነው፤ ዝም ማለት አያቅተኝም። ገብቼ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዝም ብል ቁልፉ የእኛ ነው፤ ብናገር ሰናይት ትወድቃለች፣ እኔም ጥርጊያውንም ታይፑንም ላጣ እችላለሁ። ፊት ለፊት ይስሐቅ መሐረብ ቅንድቡ ላይ ይዞ ቆሟል።

ጋሽ መኮንን ወረቀቴን ከሰሌዳው ነቅለው ይዘውታል። «ይህ ያንተ ስም ነው ወይስ አይደለም?»

«ስሙ የእኔ ነው ጋሼ። ግን እንዲህ ብዬ አልጻፍኩም።»

«ስምህ እንዴት ገባ ታዲያ? በሩን አንኳኩቶ?»

ከማታዎቹ ሳቅ ተነሳ። ከቀኖቹ «ውሸት ነው! ፈጥረው ነው!» የሚል ጩኸት መጣ። «ይመታሉ ብለህ ጽፈህ ሻይ አፈላሁ ትላለህ?» አለ ተካ። ይስሐቅ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው፤ እንደገና አየው። የራሱን ስም ከማያውቀው ቃል ሥር ሲያይ ፊቱ ላይ የነበረውን ልገልጽላችሁ አልችልም።

«በሉ በቃ» አሉ ጋሽ መኮንን። «ይስሐቅ ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ማሠልጠኛ...»

አውሮፕላን መጣ።

መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ጋሽ መኮንን እንደ ልማዳችን ወረቀቱን እንደያዙ ዝም ብለው ቆሙ። ክፍሉ ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቀ። ያኔ ተነሳሁ። ማንም ድምፅ ሊሰማ በማይችልበት ሰዓት መነሳት ቀለለኝ መሰለኝ። በወንበሮቹ መካከል አልፌ ጥቁር ሰሌዳው ጋ ደረስኩ። በየቀኑ የማጸዳው ሰሌዳ ነው፤ አንድም ቀን ጽፌበት አላውቅም። ጠመኔ አንስቼ ስምንቱን የእንግሊዝኛ ፊደሎች በትልቁ ጻፍኩ። መጨረሻው ዘመመ።

አውሮፕላኑ አለፈ።

«አንብቡት» አልኩ። ድምፄ ከፊተኛው ወንበር ያለፈ አይመስለኝም።

«ምን ትላለች?» አለ ተካ።

«አንብቡት ትላለች» አለች አንዲት የቀን ተማሪ።

ሁሉም በአንድ ላይ አነበቡ። የማታዎቹ «ይመታሉ!» አሉ። የቀኖቹ «ይመጣሉ!» አሉ። ተገርመው እንደገና፣ አሁን ጮክ ብለው፣ እርስ በርስ ለመሸናነፍ አነበቡ። «ይመታሉ!» «ይመጣሉ!» በሦስተኛው ላይ ድምፁ ከመሀል ተሰበረ። አንዱ በታ ጀምሮ በጣ ጨረሰ። ተካ አፉን ከፍቶ ሰሌዳውን ያያል። ጋሽ መኮንን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ለብቻቸው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ይስሐቅ የጻፈው ይህን ነው። ያነበብኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።» ከቦርሳዬ የታተመውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከዚያ ለመቀመጥ ዞርኩ፤ ወንበሬ በጣም ሩቅ ሆኖ ታየኝ። በመንገዴ ላይ ሰናይት አለች። ጫማዋን እያየች ነበር።

ከዚያ የመጣው እንደ ተረት የሚያምር ነገር አይደለም። ይስሐቅ አልተባረረም፤ ቅንድቡ ላይ ግን ምልክቱ ቀርቷል። ተካ ይቅርታ ጠይቆት በገዛ ታክሲው ክሊኒክ ወሰደው፤ መንገዱን ሁሉ ሲያወራለት ነበር አሉ። ምርጫው ለሳምንት ተላልፎ ሰናይት በጥቂት ድምፅ ወደቀች። ፈርተው የቀሩት የማታ ተማሪዎች ብዙዎቹ በሁለተኛውም ቅዳሜ አልመጡም፤ አንዴ የቀረ ሰው መልሶ ለመምጣት ይሰንፋል። ዳዊት ተመረጠ። ክፍሏ በአሥራ አንድ ሰዓት መቆለፏን ቀጠለች። የማታዎቹ «አስመቺዋ» አሉኝ። ስወለውል እግሩን የሚያነሳልኝ ይስሐቅ ብቻ ነበር። እሱም አንድ ቀን «ፊደላችንን በታይፕ አስተምሪኝ፤ ሁለተኛ በሰው ፊደል አልጽፍም» አለኝ። ፈተናው እስኪደርስ አስተማርኩት።

ጋሽ መኮንን መገልበጡን ከለከሉኝ፤ ጥርጊያውን አልከለከሉኝም።

አሁን ላምበረት አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ በታይፕ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሰው ይነግረኛል፣ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልሼ አነብለታለሁ። «ማለት የፈለጉት ይህን ነው?» እላለሁ። አንዳንዱ «እኅቴ፣ ምን ነካሽ፣ ስጪኝ ልሂድበት» ይለኛል። አልሰጥም። ዓይን አፋሯ ዘሀራ በዚህ ብቻ አላፍርም።

አንባቢዎቼ፣ አሁን በየመንገዱ የኢንተርኔት ቤት ተከፍቷል። ወንድሜ አንዳንዴ ይዞኝ ይገባል። ስለ ምርጫ፣ ስለ ፓርቲ የሚከራከሩበትን ገጽ ያሳየኛል፤ አማርኛው ያው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። አንዱ አንድ ቃል ይጽፋል፤ ሌላው በክፉው ያነበዋል፤ ስድብ ይመልሳል፤ ሦስተኛው ስድቡን ብቻ ያያል። ትንሽ አነብና ይደክመኛል። ሁሉም ትክክል ያነበበ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር ልላችሁ ፈልጌ ነበር፤ ግን አይደለም። እዚህ ጋ ነው ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ የተውኩት።

ባለፈው ዓመት ሰናይት ማመልከቻ ልታስጽፍ መጣች። እኔ መሆኔን ሳታውቅ ነው የገባችው። ትንሽ ወፍራለች፤ ፊቷ ላይ ያ ድካም አሁንም አለ። ተሳሳምን። ስለ ልጆቿ አወራን። ልትሄድ ስትል እየሳቀች፣ «ያኔ ባትሳሳቺ ኖሮ ዘሁ፣ ፕሬዚዳንት ነበርኩ እኮ» አለችኝ።

«አልተሳሳትኩም» አልኳት።

ሳቋ ቆመ።

ለእሷ ያልኳትን ለእናንተም ልበል። ታይፑ ላይ ታና ጣ ተራርቀው ነው ያሉት፤ ጣቴ ተንሸራቶ ነው ማለት አልችልም። ያን ቀን እጄ የቆመው ሁለቱንም ስላየሁ ነው። ይመጣሉ የሚለው መጀመሪያ ታየኝ። ይስሐቅ እንደሆነም አውቃለሁ፣ እግሩን የሚያነሳው ልጅ። ግን ወለል የሚወለወልበት ማውስ ትዝ አለኝ። ሰዎቹ ክፉ እንዲሆኑ ፈለግኩ። ክፉ ቢሆኑ እኛ ደግ እንሆናለን፣ እናሸንፋለን። ሄጄ ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር፤ ከሁለት ክፍል በላይ አይርቅም። አልጠየቅኩም።

ሰናይት ቦርሳዋን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች። «እስቲ ማመልከቻዬን አንዴ ደግመሽ አንብቢልኝ» አለችኝ። ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል፣ አነበብኩላት። በየመስመሩ «አዎ» ትል ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ የምርጫ ወረቀት ተሰጥቶኝ ነበር። ሳጥኑ ጋ ደርሼ ምንም ሳልጽፍበት አጥፌ ከተትኩት። ድምፄን ቀደም ብዬ፣ ዓርብ ዕለት፣ በአንዲት ፊደል ሰጥቼ ጨርሼ ነበር።